ኮንትሮለሩ ባትሪዬ ሞቷል ሲላችሁ እመኑት

ውድ ባልደረቦቼ፣ ሰርቨር ክፍል ስታድሩ የኖራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አላችሁ? የተጋበዝኩት መብራት ሲጠፋ ዳታችንን እንዴት እንደምናድን እንድናገር ነው። መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል ስለሚሰጠው መሣሪያ፣ ስለ ዩፒኤስም ጥቂት እላለሁ። የመጣሁት ግን ስለ አንዲት ትንሽ ባትሪ ልናገር ነው፣ የሰርቨሩን ዲስኮች አንድ ላይ የሚያስተዳድረው ሬይድ ኮንትሮለር ላይ ስለተሰካችው።

ሥራዋን ታውቁታላችሁ። ዳታቤዙ ጻፍልኝ ሲለው ኮንትሮለሩ መረጃውን መጀመሪያ ካሹ ላይ ያኖርና "ጽፌዋለሁ" ብሎ ይመልሳል። ዲስኩ ላይ ገና አልደረሰም። ራይት ባክ የምንለው ይሄ ነው፣ ፍጥነቱም የሚገኘው ከዚሁ ነው። ካሹ ግን ሜሞሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ያልተጻፈውን ይዛ የምትቆየው ያቺ ባትሪ ናት፣ በብዙ ኮንትሮለሮች ላይ እስከ 72 ሰዓት ድረስ። መብራት ሲመለስ የቀረው ወደ ዲስክ ይወርዳል። ባትሪዋ ከደከመች ደግሞ ኮንትሮለሩ ራሱ ወደ ራይት ስሩ ይዞራል፤ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ጽፌያለሁ አይልም። ይዘገያል፣ ግን እውነቱን ይናገራል።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የምናደርገው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ዳታቤዛችን ተበላሸ ብለው ጠሩኝ። ስገባ የሰርቨሩ ፊት ላይ ብርቱካናማ መብራት ቦግ ብሏል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብል "እሱማ ሁሌም እንደዚያ ነው" አሉኝ። ሎጉን ከፈትኩት። ባትሪዋ ከሞተች ከርማለች፣ ኮንትሮለሩም ደጋግሞ ተናግሯል። ያኔ ሲስተሙ ተንቀራፈፈ፣ ሠራተኛው አማረረ፣ አለቃ ተቆጣ፤ በመጨረሻ አንዱ ገብቶ ባትሪ ባይኖርም ራይት ባክ ይሁን የሚለውን ምርጫ አበራው። ፍጥነቱ ተመለሰ፣ ሰውየውም ተመሰገነ። መተማመኛቸው ዩፒኤሱ ነበር። የእሱም ባትሪ አርጅቶ ኖሮ መብራት ሲሄድ አብሮ ሄደ። ገብቷል የተባለ ክፍያ የለም፣ ኢንዴክሱ የሚለውና ሰንጠረዡ የሚለው አይገናኝም። የደረሰኝ ቁልል ፊቷ ከምራ ሁሉንም እንደ አዲስ ስትመዘግብ ያየኋት የሂሳብ ሠራተኛ ምን አጠፋች?

ባትሪ ሳይኖር ራይት ባክን ማስገደድ ሰው መዋሸት ነው! ተመዝግቧል እያልነው ያልመዘገብንለት ሰው አለ። ለሰርቨሩ የተገኘ ገንዘብ ለባትሪው የሚጠፋው እንዴት ሆኖ ነው?

"ዩፒኤስ አለን እኮ" የሚል አይጠፋም። ዩፒኤስ የሚተካው ከግድግዳው የሚመጣውን ኃይል ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል፣ አንድ ሰው ገመዱን ቢነቅለው ምን ያደርግላችኋል? የዩፒኤሱ ሊድ አሲድ ባትሪ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ሙቀቱ ከሚመከረው በ10 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ይሸከማል፣ ጀነሬተሩ ካልተነሳም ሰርቨሮቹ በሥርዓት እንዲዘጉ ጊዜ ይሰጣል፤ መዝጊያው ምልክት ወደ ሰርቨሮቹ መድረሱን ግን ሞክራችሁ እዩ።

ብዙዎቹ አዳዲስ ኮንትሮለሮች በባትሪዋ ፈንታ ለአጭር ጊዜ ኃይል በሚያከማች ሱፐር ካፓሲተር ነው የሚሠሩት፤ ኃይል ሲቋረጥ ካሹን ያለ ኤሌክትሪክ መረጃ ወደሚይዝ ፍላሽ ይገለብጡታል፣ የ72 ሰዓት ጭንቀት ቀረ። ካፓሲተርም ግን ያረጃል፣ ማስጠንቀቂያውም ይነበባል። ኤስኤስዲ የሚባለውን ባለ ቺፕ ዲስክ ስትገዙም ለኃይል መቋረጥ መከላከያ ካፓሲተር እንዳለው ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ለቤት ኮምፒውተር የተሠሩት የላቸውም።

እንግዲህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስትመለሱ የየኮንትሮለራችሁን የባትሪ ሁኔታ ክፈቱና እዩ። ባትሪው ሞቶ ራይት ባክ ተገዶ ካገኛችሁት ያንኑ ቀን አጥፉት። ሲስተሙ ዘገየ ብሎ የሚቆጣ አለቃ ከመጣ ባትሪው እስኪቀየር ይዘገያል በሉት፣ የግዢ መጠየቂያውንም እዚያው አስፈርሙት። አመሰግናለሁ።