ግማሽ ኪኒን

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ለዓለም የአእምሮ ጤና ቀን አደረሳችሁ።

ዛሬ መስከረም 30 ነው። ስለ ግንዛቤ እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። እሱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ካርድ ይዘን ወረፋ ላይ ተያይተናል። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ አባባል ላወራ ነው፦ «አስቸኳይ አይደለም»።

ባይፖላር አለብኝ፤ ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቴን ከወሰድኩ እሠራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ዕቁብ እጥላለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተነገረ። ቀጠሮዬ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነበር። ስሄድ በር ላይ ሙቀቴን ለኩኝና «የእናንተ አስቸኳይ አይደለም፤ ሲረጋጋ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ፋርማሲ ዞርኩ። የተገኘበትም ዋጋው አይቀመስም።

ቤት ስገባ ስድስት ፍሬ ቀርቶኝ ነበር። ጋዜጣ ዘርግቼ በምላጭ ለሁለት ለሁለት ከፈልኳቸው። የረገፈውን ዱቄት በጣቴ ለቅሜ ላስኩት።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ። አራት ሌሊት ሙሉ መጋረጃ አጠብኩ፣ ምንጣፍ አጠብኩ፣ የበር እጀታ በበረኪና ፈተግኩ። ጎረቤቶች ምን አሉ? «እንደሷ ተጠንቀቁ እንጂ!» በሽታዬ ሲነሳ ሰፈሩ አመሰገነኝ! የገባው ወንድሜ ብቻ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲውን ከእጄ ወሰደና «ኪኒንሽን አሳዪኝ» አለ። ግማሿን አሳየሁት። አለቀሰ።

በቀጣዩ ሦስት ሳምንት ሥራዬንም ያጠራቀምኩትንም ገንዘብ አጣሁ።

ለመሆኑ አስቸኳይ ማለት ሳል ብቻ ነው? ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ይታከሙበት ነበር። የኮሮና ማዕከል ሲሆን አልተቃወምኩም፤ ሰው መትረፍ ነበረበት። ግን በየቀኑ በቴሌቪዥን ቁጥር ሲነገረን ስለ እኛ ማን ተናገረ? ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ ሂሳቡ እጥፍ ሲሆን፣ ክልሎች መንገድ ሲዘጉ፣ በየወሩ መርፌ ለመወጋት ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ልጅ በምን ይምጣ?

ለኤችአይቪ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት የተጀመረው ከኮሮና በፊት ነው። ይቻላል ማለት ነው! ለእኛ ሲሆን «ራሳቸውን ይጎዱበታል» ይባላል። የሚያሰጋ ሰው ካለ ለቤተሰቡ ይሰጥ። እኔ ወንድም አለኝ።

ስለ ሥራ ቦታም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ስለ ጠበል ግን ይህን ልበል፦ ተጠመቁ፣ ኪኒኑን ግን አታቋርጡ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው። የሦስት ወር ስጡኝ እላለሁ። እናንተም በየቀጠሯችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ምክንያቱን ካርዳችሁ ላይ ይጻፉላችሁ።

አመሰግናለሁ።