ባለብዙ ራሱ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የቅርጻቅርጽ ተማሪዎች፣

ዛሬ የማወራችሁ መዳፍ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ትንሽ ምስል ነው። ብዙ ፊት አለው፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ያያል። የቀረጹት በምሥራቅ ኮንጎ ደን፣ በደቡብ ኪቩና በማኒዬማ የሚኖሩት ሌጋዎች ናቸው። ስሙ ሳኪማትዌማትዌ ነው፤ ባለብዙ ራሱ እንደ ማለት። «ከትልቁ ወንዝ ማዶ ዝሆንን ያየው ባለብዙ ራስ» ይሉታል። ሰው ሊዳኝ የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ አይቶ አይፍረድ ማለታቸው ነው።

ሌጋዎች በአንድ ንጉሥ አልተዳደሩም። ሰውን የሚያከብረውና የሚገራው ብዋሚ የሚባለው ማኅበር ነበር። ወደ ማኅበሩ የሚገባው ደረጃ በደረጃ ነው፤ የወንዶቹ የመጨረሻው ኪንዲ ይባላል። እዚያ ለመድረስ ሀብትና የዘመድ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ጠባዩ ያልታረመ ግን ቢያወጣም አያልፍም። ሴቶችም የራሳቸው ደረጃ አላቸው፤ ባል ያለ ሚስቱ ወደ ላይ አይዘልቅም። ይህ እኔን በጣም ይገርመኛል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በጭፈራ፣ በዜማና በተረት ነው። አስተማሪው ምስሉን በእጁ ይዞ ይጨፍራል፣ አባባሉን ያዜማል፣ አዲሱ አባል ያያል፣ ይሰማል። ሆዷ የገፋው፣ ዋይንዳ የምትባለው ምስል ስትወጣ አንድ ሰው ነውር ሲሠራ ቤቱን ሁሉ እንዴት እንደሚያፈርስ ይማርባታል፤ በእርግዝናዋ ሳለች ከሌላ ወንድ ጋር የሄደች ሴት ናትና። ጢማሙ የእንጨት ጭምብል ሉክዋኮንጎ ደግሞ ፊት ላይ ብቻ አይደረግም። በእጅ ይያዛል፣ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ በጢሙ መሬት ለመሬት ይጎተታል። በእያንዳንዱ አያያዝ የሚናገረው ይለያያል። እናንተ ቀራጮች ይህን አስቡት፤ አንድ ቅርጽ፣ ብዙ ቃል።

ምስሎቹን ዘይት ይቀቧቸዋል፣ ያሿቸዋል፤ በበዓሉ የራሳቸውን ገላ እንደሚቀቡት ማለት ነው። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹት ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚያደሉት በዚህ ነው። ባለቤቱ ኪንዲ ሲሞት ምስሉ ለጥቂት ጊዜ መቃብሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ እዚያው ደረጃ ለደረሰ ዘመድ ይተላለፋል። በሟቹ ዘይት ላይ የተረካቢው ይደረብበታል።

በ1948 (እ.ኤ.አ.) የቤልጂግ ቅኝ አስተዳደር ብዋሚን ከለከለ። ብዙ ምስሎች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጥተው ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሙዚየሞች ሄዱ። መስታወት ውስጥ ቆመው ሳያቸው ያዝናል ልቤ፤ ቅርጹ አለ፣ የሚያዜምለት አፍ ግን የለም። ሙዚየሞቹ አባባሎቹን ከምስሎቹ ጋር ቢያሰሙን ምን ነበረበት!

አሁን ፎቶግራፎቹን አሳያችኋለሁ። የባለብዙ ራሱን አባባል ከፎቶው በላይ ጽፌዋለሁ። እባካችሁ፣ ቅርጹን ከማየታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።