ባክቴሪያው የሚቀላው መቼ ነው?

[ምስል፦ ከሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ከሚያዘቅጥ መሣሪያ) የወጣ ቱቦ፣ ግርጌው ላይ የረጋ ቀይ ባክቴሪያ]

ቱቦው ግርጌ ላይ የረጋውን እዩት። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላ ጊዜ ቀለሙ ወደ ክሬም ያደላል። አሁን ግን ቀልቷል፤ ውስጡ የዓሣ ነባሪ ማዮግሎቢን አለ።

ማዮግሎቢን በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን ነው። ሥጋ ቀይ የሆነውም በሱ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ስፕሪንገርና ስሊጋር የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ጂኑን በቤተ ሙከራ ሠርተው ባክቴሪያው ውስጥ ከተቱት። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን በብዛት አመረተ። ኦክስጅኑን የሚይዘውን የፕሮቲኑን ክፍል፣ ሂሙንም፣ ራሱ ሠርቶ አስገባበት። በጣም የሚገርም ነው፤ የዓሣ ነባሪ ጡንቻ የሚፈልገውን ያንኑ ሂም ይቺ ደቃቃ ፍጥረትም ለራሷ ጉዳይ ትሠራዋለች።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። ሂም መሃሉ ላይ ብረት የተቀመጠበት ቀለበት ነው። አንዱን ለመሥራት ስምንት የአሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ሞለኪውሎች ይፈጃል። ኢ. ኮላይ ይህን አሲድ ከግሉታሜት (ከአሚኖ አሲዶች አንዱ ነው) ያዘጋጃል፤ ያውም በቁጠባ። ሂም ከበቃው፣ ሥራውን የሚጀምረውን ኢንዛይም ራሱ ያፈርሰዋል። ልክ ነው፤ የተረፈ ሂም ሴሉን ይመርዛል። እኛ ግን ፕሮቲኑን በገፍ አምርት ስንለው ሂሙ አይደርስለትም። ፕሮቲኑ ባዶውን ይቀራል። አንዳንዴም ብረት የሌለው ቀለበት ይገባበታል። ይሄኛው አታላይ ነው፤ ለዓይን ቀላ ይላል። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ግን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ትክክለኛው ሂም እንዲህ አያደርግም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሚኖሌቩሊኒክ አሲዱን ከውጭ መጨመር ነው። ግማሽ ሚሊሞላር ገደማ የተለመደ ነው። ባክቴሪያው የሚቆጥብበት ደረጃ ተዘለለ ማለት ነው። ብረትም ይጨመራል። ሙቀቱን ቀነስ፣ ምርቱን ዘግየት ማድረግም ይረዳል። እኔ መጀመሪያ የምመክረው እንዲያውም ይሄንን ነው፤ ወጪ የለውማ።

“ሂሙን ራሱን ለምን አንጨምርም?” ትሉ ይሆናል። የተለመዱት የኢ. ኮላይ የቤተ ሙከራ ዝርያዎች ሂም የሚያስገቡበት በር የላቸውም። ኦ157 የተባለው በሽታ አምጪ የኢ. ኮላይ ዝርያ ግን አለው፤ ቹኤ ይባላል። የዚህን በር ጂን ለቤተ ሙከራው ዝርያ የሰጡ ተመራማሪዎች ተሳክቶላቸዋል።

[ምስል፦ ሁለት ጫፍ ያለው የብርሃን መምጠጥ ግራፍ]

ውጤቱን በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ ለኩት። 280 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ፕሮቲኑ ይታያል። 410 አካባቢ ደግሞ የማዮግሎቢኑ ሂም። የሂሙ ጫፍ ከፕሮቲኑ አንጻር ካጠረ፣ ባዶው በዝቷል።

ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ሌላ ሂም ያዥ ፕሮቲን የምትሠሩ ከሆነ አሲዱ ብቻ አይበቃም። እዚያ ሂሙ ከፕሮቲኑ ጋር በኬሚካል ትስስር መያያዝ አለበት። ኢ. ኮላይ ለዚህ የሚሆኑ ስምንት ጂኖች አሉት፤ ኦክስጅን በሞላበት ግን ሥራ ላይ አይውሉም። ስለዚህ ሳያቋርጡ እንዲሠሩ ተደርገው በሌላ ፕላስሚድ (ጂን በሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ይገባሉ።