ማርሚታ ሲዋሽ
(ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ የመኪና ወዳጆች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም!

«ክቡራትና ክቡራን» ብዬ ልጀምር ነበር። ግቢው ውስጥ የቆሙትን መኪኖች ሳይ ተውኩት። ሁለት ዲኤክስ፣ አንድ ቮልስ፣ ሦስት ቪትዝ፣ ሃይሉክሱን እንኳ አልቆጠርኩትም። ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበትን ሰው «ክቡር» ብለው ይሥቅብኛል። ጎረቤት ነን፤ እንደ ጎረቤት ላውራ።

ስለ ማርሚታ፣ ስለዚያ የጭስ ድምፅ ማፈኛ ዕቃ፣ ተናገር ተብያለሁ። ስለ መልኩና ስለ ድምፁ። የጋበዙኝ ልጆች «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዎታል» አሉኝ። ስለ ማርሚታ አሥር ደቂቃ! እኔ በዚህ ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር ስንት ዓመት ተጨቃጭቄ አልጨረስኩም።

ከአባቴ ልነሳ። አባቴ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የምንላትን የፊያት ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፣ ከነተሳቢው። አሰብ ይጭናል፣ ሚሌን ያልፋል፣ በባቲ ሽቅብ ይወጣል፣ ኮምቦልቻ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ተያይዞ ደሴ ይገባል። ቤታችን ከመንገዱ በላይ ነበር። እናቴ ምድጃው ፊት ተቀምጣ ድንገት ቀና ትላለች። «አባታችሁ መጣ።» እኛ ምንም አልሰማንም። ጀበናው ይጣዳል። ቡናው ሳይፈላ ኤንትሬዋ ደጃፍ ትደርሳለች።

በዚያ መንገድ በቀን ስንት ኤንትሬ ያልፍ ነበር! ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ነው። የእኛን በምን ለየቻት? የገባኝ ኋላ ነው፣ ራሴ ጋራዥ ገብቼ መሥራት ስጀምር። ማርሚታው ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ነዳጅ ሲሰጣት ከጉርምርምታው በላይ አንዲት ቀጭን ፉጨት ትወጣለች። በያጁ «ልድፈንልህ» ቢለው አባቴ «ተዋት! ሚስቴ በምን ታውቀኛለች?» አለ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ እንጃ። ፉጨቷ ግን እስከ መጨረሻው አልተደፈነችም።

አሁን አንድ ነገር እንግባባ። ማርሚታ ድምፅ አይፈጥርም። ድምፁ የሞተሩ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ይቃጠላል፣ የጭስ ባልቦላው ይከፈታል፣ ታፍኖ የነበረው ጋዝ በኃይል ይፈነጥቃል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ስለዚህ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል። ባለ ስድስቱ 150፣ ባለ ስምንቱ 200። ጆሯችን እነዚህን ተኩሶች አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ አጋጥሞ እንደ ዜማ ይሰማቸዋል። የአባቴ ኤንትሬ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ናት። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 500 ዙር ላይ ቆማ ከሆነ በሰከንድ 25 ጊዜ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ወደ 20 ሲወርድ መስማት ያቆማል። ለዚህ ነው የእሷ ድምፅ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማው። የቤታችን ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ሲንጫጩ አስታውሳለሁ።

የዙሩ ብዛት ብቻም አይደለም። ተኩሱ የሚመጣበት አካሄድ አለ። ያ ታዋቂው የአሜሪካ ቪ8፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ፣ «ዱብ ዱብ» የሚለው በአንድ ጎን ያሉት አራት ሲሊንደሮች በእኩል ርቀት ስለማይተኩሱ ነው። ሱባሩም ጉርምርምታው የመጣው ጭሱን ከቴስታታ፣ ከሞተሩ ራስ፣ የሚያወርዱት ቱቦዎች አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ስለነበሩ ነው። ቱቦዎቹን እኩል ሲያደርጓቸው ድምፁ ጠፋ። በእኛ አገር ቪ8 ሲባል ትዝ የሚለን ባለሥልጣን ነው፤ እሱን እንለፈው።

ታዲያ ማርሚታ ምኑ ነው? ዋሽንት ነው። ትንፋሹ የሞተሩ ነው፤ ቱቦው ይቀርጸዋል። ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከደጃችን ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ብዙ ዋሽንት ይይዛል። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ አለው። የመኪና ቱቦም እንዲሁ ነው። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ መታጠፊያው፣ ሁሉም ድምፁን ይነካል። ማርሚታው ደግሞ ውስጡ ክፍል ክፍል ነው። ድምፁ ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ ሲጋጭ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሌላው ዓይነት መሃሉ የተበሳሳ ቱቦ ነው፤ ዙሪያውን የመስታወት ጥጥ ታጭቆ ድምፁን ይመጠዋል። ሚልተን ሪቭስ የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ ዕቃ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጎረቤት ተማሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ መልክ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁን አስቀይማለሁ።

አራት የማርሚታ አፍ ያለው መኪና አለ። የቢኤምደብሊው ኤም መኪኖች በዚህ ይታወቃሉ። ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ደግሞ ሦስቱን በሦስት ማዕዘን ደርድሮ መሃል ላይ ያወጣቸዋል። የዚያ መኪና ድምፅ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ሌክሰስ ከያማሃ ጋር ቁጭ ብሎ የቀመረው ነው። ያማሃ ፒያኖና ጊታር የሚሠራው ያው ያማሃ ነው። ባለ አሥር ሲሊንደር ነው፤ እስከ 9000 ዙር ይወጣል። ዙሩ የሚወጣው በጣም ፈጥኖ ስለሆነ የዙር ቆጣሪ ቀስት አይደርስበትም፤ ቆጣሪውን ዲጂታል አደረጉት። እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ቅናቴን ግን አልደብቅም።

እነዚህ አፎች ሥራ አላቸው። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። አንድ ሠርግ ላይ፣ እዚሁ ደሴ፣ የሙሽሮቹ መኪና ቆሟል። ውድ የጀርመን መኪና ነው፣ አበባ በአበባ። ከኋላ መከላከያው፣ ፓራውልቱ ላይ፣ ሁለት ሰፋፊ የማርሚታ አፍ ያብረቀርቃል፤ ፏ ብሏል። ልማዴ ነው፣ ጎንበስ አልኩና ጣቴን ሰደድኩ። ግድግዳ! ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው ቱቦ ከሥር አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት ይተነፍሳል። አንድ ሕፃን «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ይሄ ቀደዳ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ተከፍሎበት የውሸት ቀዳዳ! ሼም ነው።

ከገበያ ክሮም ጫፍ ገዝታችሁ ቪትዛችሁ ላይ ለገጠማችሁ ልጆች ክፉ አልናገርም። እሱ ጉትቻ ነው፤ ጉትቻ ማንንም አይዋሽም። ባለ ሦስት ሲሊንደሩን ቪትዝ ፓራውልት ቀድዳችሁ አራት አፍ ማውጣት ግን… አብሽሩ፣ ዝም ብያለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አንድ ክብ ቱቦ፣ ከፓራውልቱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ በቃኝ። ወጣ ማለቱ ለጌጥ አይደለም። ጭሱን ከመኪናው አካል ማራቅ አለበት። በነገራችን ላይ ፍራሽ ወይ ጀሪካን ጭናችሁ የኋላውን በር በገመድ አስራችሁ የምትነዱ አላችሁ። መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳና ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ልጆች ከኋላ ይዛችሁ ይህን አታድርጉ።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ወጣት ሳለሁ ዲኤክስ ነበረችኝ። ሐረጎ ላይ ትንፋሿ ያጥራል። «ማርሚታዋ አፍኗት ነው» አልኩ። ማርሚታዋን ነቅዬ ጣልኩና ከአይሱዙ የተፈታ ወፍራም ቱቦ አስበየድኩባት። ኮምቦልቻ ላይ ስትነሳ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዳገቱ መጣ። እየጮኸች ሦስተኛ፣ እየጮኸች ሁለተኛ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሰው የሞላ ቅጥቅጥ፣ ጣራው ላይ በግ ጭኖ፣ አልፎኝ ሄደ። በጎቹ ቁልቁል አዩኝ። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ወጣች። «አንተ፣ ወፍጮ ከፈትክ እንዴ? እህል ላምጣ?»

ምን ነበር የሆነው? ወንዝ ጠባብ ቦታ ላይ ይሮጣል፣ ሰፊ ቦታ ላይ ይተኛል። ጭስም እንዲሁ ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይወድቃል። የቀደመው ተኩስ ሲወጣ ቀጣዩን ጎትቶ የሚያወጣበት ኃይል ይጠፋል። በዝቅተኛ ዙር፣ ዳገት ላይ፣ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ጉልበቱ ይከዳሃል። ደግሞስ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ስስ ነው። ቱርቦ፣ ያ አየር በግድ የሚያስገባው ዕቃ፣ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ያንኑ ያህል ያጣል። ዲኤክሴን ያፈናት ማርሚታው አልነበረም፤ ተራራችን ጦሳ ነው። ጦሳን ደግሞ በብየዳ አትነቅለውም።

ሌላም ጊዜ ጆሮዬ አድኖኛል፤ ወይም አናዶኛል። አንድ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ለሌላ ሥራ መኪናዬን አስገባሁ። ተቀብዬ ስወጣ ፒያሳ ሳልደርስ አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ድምፁ ደረቀ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ አለ። ዳር አቁሜ ከሥር ገባሁ። የጭስ ማጣሪያው ሆድ ላይ አዲስ ብየዳ! ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተቀባ ዕቃ ነበረበት፤ ከወርቅ ጋር የሚጠራ ብረት ነው። ሆዱን ቀደው፣ አራግፈው፣ ባዶ ቅሉን መልሰው በይደውታል። ብመለስ «ድሮም ባዶ ነበር» አሉኝ። እኔ የራሴን መኪና ሳል አላውቅም? እናቴ እኮ ኤንትሬ በፉጨቷ የምትለይ ሴት ነበረች።

ስለ ዝገት ቶሎ ልበል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ጠዋት ከማርሚታ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ከፒያሳ ሸዋ በር ብቻ የምትመላለስ መኪና ማርሚታዋ ሳይግል፣ ውሃው ሳይተን ትቆማለች። ከውስጥ ነው የሚበላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ ውሰዷት፣ ዓሣም ትበላላችሁ።

ስለ ሌሊቱ ጩኸት ደግሞ ብዙ አልልም። ደሴ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ሮቢት ሰፈር ላይ የረገጥከው አራዳ ሰፈር የተኛውን ሕፃን ይቀሰቅሳል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። ማርሚታ መንቀል ደግሞ ከ10 በላይ ሊጨምር ይችላል። ከዚህ የቀረውን ጎረቤታችሁ ይነግራችኋል።

ደግሞ ዘመኑ እየተቀየረ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አሁን ደሴ ላይ ማርሚታ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና እያየን ነው። ባለፈው አንዷ ከኋላዬ መጥታ ሳልሰማት አጠገቤ ቆመች፤ ክው ነው ያልኩት። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ ሞዴሎች በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ ታዘዋል። ለእግረኛ፣ በተለይ ለዓይነ ስውር። አንዳንድ ልጆች «ይሄም የውሸት ድምፅ ነው» ይሉኛል። አይደለም! «መጣሁ፣ ተጠንቀቅ» ነው የሚለው፤ መምጣቱ ደግሞ እውነት ነው። የሚዋሸውማ ሞተር እያለው የሞተር ድምፅ በስፒከር ለባለቤቱ የሚያጫውተው ነው። ቢኤምደብሊው ኤም5 እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲህ አድርጎ ነው የመጣው። ከዚያ ሁሉ ጉልበት በኋላ በስፒከር! ቱርቦው ድምፁን ስለሚያፍነው ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። አልወደውም እንጂ።

አሥር ደቂቃዬን አሳልፌያለሁ፤ ልጆቹ እያዩኝ ነው። አሁን ወደ ግቢው እንውረድ። ዓይኔን በነጠላ ሸፍኑልኝ። በየተራ አስነሱ። በሚኒሞ ብቻ፣ ማንም እንዳይረግጥ። የትኛው የማን መኪና እንደሆነ፣ የቱ ማርሚታ እንደተቀደደ፣ የማን ሆድ እንደተራገፈ ልንገራችሁ። ከሦስት በላይ ከሳትኩ ቡናው በእኔ ነው፣ እስከ በረካ። ቮልሱ አይቆጠርም፤ በእነዚያ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎቹ እያፏጨ ማንነቱን ራሱ ይናገራል።