የሞተር ኮምፒውተር መቀየር፦ ከሳጥኑ ይልቅ ቁልፉ ያስቸግራል

[ምስል፦ ክዳኑ የተከፈተ የሞተር ኮምፒውተር]

መኪናው አልነሳም ሲል «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ነዳጅና እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ከረንት ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ሶማሌ ተራ ከመሮጣችሁ በፊት ፊውዙን፣ ሪሌውንና የግራውንድ ሽቦውን አስፈትሹ።

ልምድ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ሳይቀር የሚሸውድ ነገርም አለ። ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮች 5 ቮልት ይልካል። አንዱ ሴንሰር ሾርት ካደረገ ቮልቱ ይወርድና ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስላል። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ለኩ። 5 ቮልቱ የተመለሰ ጊዜ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ወጪውም ቀነሰ።

በእርግጥ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በካናዳ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው በዚሁ ሳጥን የተነሳ ነው። የ2005 እስከ 2008 ሞዴሎች ነበሩ፤ ውስጡ ያለው ብየዳ ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

[ምስል፦ የሳጥኑ ተለጣፊ፣ ቁጥሩ ጎልቶ]

ስትገዙ በመልክ አትመኑ፣ ቁጥር አዛምዱ። የቶዮታ ብዙ ጊዜ በ89661 ይጀምራል። ከሰረዙ በኋላ ያለውንም አንብቡ። አለበለዚያ ለማኑዋል መኪና የኦቶማቲክ ኮምፒውተር ይዛችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ።

መግጠሙ ብዙ አያወራም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ቡሎኖቹን ፍቱ፣ ሶኬቱን ሳትታገሉ አውጡ፣ ሌላውን ግጠሙ። ግን አሮጌውን ያቃጠለው ሾርት የሆነ ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ከሆነ፣ እሱ ሳይቀየር አዲሱንም ይበላዋል።

[ምስል፦ በመሪው ስር ያለው የምርመራ ሶኬት]

ራስ ምታቱ አሁን ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር የሚያውቀው የቀድሞ መኪናውን ቁልፍ ነው። መኪናችሁ ኢሞቢላይዘር (የማያውቀው ቁልፍ ሲገባ ሞተሩን የሚከለክል የስርቆት መከላከያ) ካለው ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል።

በብዙ ቶዮታዎች መላው ይሄ ነው፦ በምርመራው ሶኬት ላይ 4 እና 13 ቁጥር ፒኖችን በሽቦ አገናኙ። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ ሞተር አታስነሱ። 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ አጥፉና ሽቦውን ንቀሉ። 16 ቁጥርን ግን እንዳትነኩ፣ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ፖዘቲቭ ነው።

በዚህ ካልሆነ፣ ወይም መኪናችሁ ሌላ ብራንድ ከሆነ፣ ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። እሱም የቁልፉን መረጃ ከአሮጌው ሳጥን ገልብጦ ወደ አዲሱ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «አሮጌውን በልዋጭ አምጣ» ቢላችሁ፣ መኪናው ሳይነሳ አትስጡት።