ከላፕቶፑ የማይወጣው ቁልፍ፦ ያለ የይለፍ ቃል ወደ ሩቅ ኮምፒውተር መግባት

[ምስል፦ ጅማ፣ ማለዳ። በአንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ትከፍታለች።]

ትረካ፦ የቡና ርክክቡ መዝገብ ያለበት ሰርቨር የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሠራተኛዋ አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፈችና ገባች። የይለፍ ቃል የጠየቃት የለም። ታዲያ ሰርቨሩ እርሷ መሆኗን በምን አወቀ?

የገባችበት ዘዴ ኤስኤስኤች (SSH) ይባላል፤ በተመሰጠረ መስመር ወደ ሩቅ ኮምፒውተር መግቢያ ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው፣ ተመራማሪ በነበረበት ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የሰዎች የይለፍ ቃል ተጠልፎ ከተሰረቀ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የይለፍ ቃል በአብዛኛው ሳይመሰጠር፣ እንደ ክፍት ደብዳቤ ይጓዝ ነበር።

[ምስል፦ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን።]

ሠራተኛዋ አስቀድማ ጥንድ ቁልፍ አዘጋጅታለች። አንዱ የግል፣ ሌላው ይፋዊ ነው። “ቁልፍ” የሚለው ስም ግን ያሳስታል፤ እኔ የግሉን ማኅተም ብለው እመርጣለሁ። ይፋዊው የማኅተሙን እውነተኛነት ማመሳከሪያ ነው። ማመሳከሪያውን አይቶ ማኅተሙን መቅረጽ ግን አይቻልም፤ ስሌቱ ወደ ፊት ቀላል ነው፣ ወደ ኋላ ለመመለስ የዛሬ ኮምፒውተሮች አቅም አይበቃም። ሰርቨሩ ላይ የተመዘገበው ይፋዊው ብቻ ነው።

[ምስል፦ በላፕቶፑና በሰርቨሩ መካከል የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል።]

ግንኙነቱ ሲጀመር ሁለቱ ኮምፒውተሮች መጀመሪያ ምስጢራዊ መስመር ይዘረጋሉ። ከዚያው ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል መለያ ይወጣል። ላፕቶፑ ይህን መለያ የያዘ መልእክት በግል ቁልፉ ይፈርማል፤ ሰርቨሩ ፊርማውን በይፋዊው ቁልፍ ያመሳክራል። ከተስማማ በሩ ይከፈታል። የተጓዘው ፊርማው ነው፤ ማኅተሙ ጅማ ቀርቷል። የዛሬውን ፊርማ የሰረቀ ሰው ነገ ቢያመጣው ዋጋ የለውም፤ የነገው መለያ ሌላ ነውና። የይለፍ ቃልን ግን ተቀባዩ ራሱ ያየዋል፤ ተቀባዩ አስመሳይ ከሆነ ምስጢሩን በእጃችን ሰጠነው ማለት ነው።

ለዚህም ነው ላፕቶፑ በመጀመሪያው ቀን የሰርቨሩን አሻራ፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚለይ የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ አሳይቶ “ታምነዋለህ?” ብሎ የሚጠይቀው። ብዙ ሰው ሳያነብ “አዎ” ይላል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ለሰርቨሩ ኃላፊ ደውሉ፣ አሻራውን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የግል ቁልፍ በቴሌግራም አይላክም፤ ለሥራ ባልደረባም ቢሆን። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያዘጋጅ፤ በምስጢር ሐረግም ይቆልፈው። ላፕቶፑ መናኸሪያ ላይ ቢሰረቅ፣ ከሰርቨሩ ዝርዝር የዚያን ቁልፍ መስመር መሰረዝ ይበቃል።

[ምስል፦ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች።]

በመጨረሻ በይለፍ ቃል መግባትን ሰርቨሩ ላይ ዝጉት። ግን የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ፣ በሌላ መስኮት ቁልፉ እንደሚሠራ ሞክሩ። ሳትሞክሩ ከወጣችሁና ቁልፉ እምቢ ካለ፣ ጊቤን ተሻግሮ እስከ አዲስ አበባ መሄድ ሊጠይቅ ይችላል።