«አንቀጹን ስልክ ከነገረን ሕግ መማር ለምን?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን የደወሉ አባት፦ «ልጄ ሕግ ልማር ትላለች። አሁን አንቀጹን ስልክ ይናገራል፤ አምስት ዓመት መልፋቱ ምን ትርፍ አለው?»

አባቴ፣ ነገሩ አንቀጽ መሸምደድ ብቻ ቢሆን እውነትዎን ነበር። ዋናው ችሎታ የትኛው ሕግ ማንን እንደሚገዛ መለየት ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ፍቺ የሚታየው በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ ሐረር ሲደርሱ ግን ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ስልኩ የአንዱን ለሌላው ቢያነብልዎ ቅንጣት አያፍርም።

አምስቱን ዓመት ስትጨርስ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና በላይ ማምጣት አለባት። ዲግሪው ብቻውንም ጥብቅና አያስቆማትም፤ ፈቃዱ ለብቻው ነው። ሌላም አገር ከሽምደዳ በላይ ይጠየቃል፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረችው የሶሊሲተሮች (የጠበቆች) ፈተና የመጀመሪያ ክፍሉ 360 የምርጫ ጥያቄ አለው፤ ሁለተኛው ደንበኛ ማነጋገርን፣ ሰነድ ማርቀቅንና ችሎት መከራከርን ይፈትናል። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ልጅዎ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞላ እንግዲህ አንድ ነገር አጣሩ፦ ተማሪዎቹ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ በእጃቸው ክስ ያረቅቃሉ ወይስ ማስታወሻ ብቻ ይገለብጣሉ?

ከሐረር፣ የአምስተኛ ዓመት ተማሪ፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን ‹ሸሪዓ ፍርድ ቤት በኢትዮጵያ› ብዬ ባቀርብ አማካሪዬ ሰፊ ነው ብለው መለሱት። እንዴት ላጥብበው?»

ልክ ናቸው። ርእስ አለህ እንጂ ጥያቄ የለህም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ መሆኑን ይናገራል። ጥያቄህ «ይህ ፈቃድ መቼና በምን መልክ ይወሰዳል?» ይሁን። ሐረርን ብቻ፣ የአንድ ዓመት የፍቺ መዝገብ ብቻ ያዝ።

የትብብር ደብዳቤ ከኮሌጁ አስጽፍ። ዓመቱና የመዝገቡ ዓይነት ካልተጠቀሰበት መዝገብ ቤት ሲያመላልስህ ይከርማል። ከዚያ በየመዝገቡ የክሱን ቀን፣ ፈቃዱ የተሰጠበትን ቀን፣ በፊርማ ይሁን በቃል፣ ተከሳሽ ቀርቦ ነበር ወይስ በሌለበት የሚለውን መዝግብ። ስም አታስገባ፤ ጀጎል ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ነውና የሰፈሩ ስም ከጋብቻው ዓመት ጋር ሲገጥም ባለጉዳይዋን ያሳብቃል።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። በሸሪዓው መዝገብ ቤት ውሳኔ አግኝቶ የምታየው በአብዛኛው ፈቅደው የተዳኙትን ነው። አልፈቅድም ያለችው ጉዳይዋ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሄዷል። አንዱን መደርደሪያ ብቻ ቆጥረህ «ሁሉም ይፈቅዳል» ብትል ገምጋሚው በአንድ ጥያቄ ይጥልሃል። ስለዚህ መደበኛው ፍርድ ቤት ካሉት የፍቺ መዝገቦች መካከልም ቀድሞ ሸሪዓ ተከፍተው የነበሩትን ፈልግ። በእኔ እምነት በጥንቃቄ የተነበበ 30 መዝገብ በጥድፊያ ከተገለበጠ 200 ይበልጣል።

ከከዚራ፣ የሕግ ተማሪ፦ «ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጠኝን የሰበር (የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት) ውሳኔ ብጠቅስ ችግር አለው?»

ውሳኔውን ራስሽ ካላነበብሽው፣ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚሁ መሣሪያ ተማምነው የሌሉ ፍርዶችን ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጉዱ፣ ፍርዶቹ እውነተኛ መሆናቸውን መልሰው የጠየቁት ያንኑ መሣሪያ ነበር!

የመዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያሳተመውን የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ክፈቺ። ተከራካሪዎቹ ወይም ጭብጡ ካልገጠመ ተይው። ከገጠመም አጭር ማጠቃለያውን ብቻ አትጥቀሺ፤ አስገዳጅ የሆነው ትርጉም ከፍሬ ነገሩና ከምክንያቱ ጋር የተያያዘ ነው። አስገዳጅ እንዲሆን ከአምስት ባላነሱ ዳኞች መሰጠቱን እዪ፤ ቀጥሎ የኋለኞቹን ቅጾች አገላብጪ፣ ሰበር የቀድሞ አቋሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላልና። ውሳኔው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ላይ ከተሰጠ ደግሞ አንቀጹን ከአዲሱ የንግድ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ጋር አስተያዪው። ነጋዴን፣ ማኅበርንና ኪሳራን የሚመለከተው ክፍል በአዲሱ ተተክቷል፤ የኢንሹራንሱና የባንኩ ክፍል ግን በዚህ አዋጅ አልተሻረም።